የበረዶ ማዕበል ትንበያና የነጋዴው ጥንቃቄ

የሚመጣውን የአየር ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ለነጋዴ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ይሁን እንጂ ትንበያ ግምት እንጂ ዋስትና አይደለም። ለዚህም በኒው ዮርክ ከተማ የሆነው ነገር ምስክር ነው።

በጥር ወር 2015 እ.ኤ.አ. የበረዶ ማዕበል ወደ ባሕሩ ጠረፍ በተቃረበ ጊዜ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎት በከተማው ከ50 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ በረዶ እንደሚከመር አስታወቀ። ብዙ ሱቆች አስቀድመው ተዘጉ፤ ከ1904 ጀምሮ የሚሠራው የምድር ውስጥ ባቡርም በበረዶ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ቆመ። ብርቱው በረዶ የሚወርድበት ቀበቶ ግን ጠባብ ነውና፣ ማዕበሉ ከታሰበው መንገድ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ቢያዘነብል በሴንትራል ፓርክ የተለካው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሆነ። በሎንግ አይላንድ በምትገኘው በአይስሊፕና በቦስተን ግን ከ60 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ወረደ። የአገልግሎቱ ዋና ሹም ሉዊስ ኡቸሊኒም የግምቱን አጠራጣሪነት ለሕዝቡ አጉልቶ መግለጽ ይገባ እንደ ነበር አመኑ።

እንግዲህ ነጋዴ «ምን ያህል ይወርዳል?» ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ «ቢያንስ ስንት፣ ቢበዛስ ስንት?» ብሎ ይጠይቅ። የኒው ዮርኩ ባለሱቅ ያጣው የአንድ ቀን ገበያ ነው፤ ያንኑ ማስጠንቀቂያ የናቀ የቦስተን ባለሱቅ ቢኖር ግን ኪሳራው ከዚህ በከፋ ነበር።