የመጀመሪያው ሥዕል የኋለኛውን ጥያቄ ይሸከማልን? ስለ ጫማ ንድፍ ፓተንት

አንድ ጫማ ሠሪ ድርጅት በአሜሪካ አገር ለአዲስ ጫማ ንድፍ የፓተንት ማመልከቻ አቀረበ እንበል። ሥዕሉ ጫማውን በሙሉ ያሳያል። ከሁለት ዓመት በኋላ ተወዳዳሪው ሶሉን ብቻ አስመስሎ መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያው ማመልከቻ ገና በምርመራ ላይ ቢሆን፥ ድርጅቱ ሶሉን ብቻ የሚመለከት ተከታይ ማመልከቻ አስገብቶ በመጀመሪያው ቀን ሊጠቀም ይችላልን? የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ቀኑ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ አገር ሕግ ንድፉ ለገበያ ከዋለ ከ1 ዓመት በኋላ የሚቀርብ ማመልከቻ ውድቅ ስለሚሆን፥ የመጀመሪያውን ቀን ያጣ አመልካች በገዛ ጫማው ይረታል።

የንድፍ ፓተንት ጥያቄ የሚገለጸው በቃል ሳይሆን በሥዕል ነው። ሙሉ መስመር የተጠየቀውን፥ የተቈራረጠ መስመር ግን ያልተጠየቀውን ያመለክታል። ሕጉ (አንቀጽ 112) የሚፈልገው፥ አመልካቹ በመጀመሪያው ቀን ኋላ የጠየቀውን ንድፍ በእጁ እንደ ነበረ ከሥዕሉ እንዲታይ ነው።

የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1998 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በዳንኤልስ ጉዳይ ለአመልካቹ ፈረደለት። ዕቃው የአልቅት ማጥመጃ ነበር፤ ታላላቅ የሕግ ነጥቦች እንዲህ ካለ ዕቃ መነሣታቸው ያስገርማል። በመጀመሪያው ሥዕል በላዩ የቅጠል ጌጥ ነበረበት፤ በተከታዩ ጌጡ ቀረ። ዕቃው ራሱ ከጌጡ ሥር ቀድሞ ይታይ ስለ ነበር ጥያቄው ድጋፍ አለው ተባለ።

በ2013 የኦውንስ ጉዳይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የአፍ መጕመጥመጫ ጠርሙስ ነበር፤ አመልካቹ በጠርሙሱ ፊት ባለው አምስት ጐን ቅርጽ ላይ አዲስ የተቈራረጠ መስመር አጋድሞ ከመስመሩ በላይ ያለውን ብቻ ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ፥ ይህ ወሰን በመጀመሪያው ሥዕል ከቶ አልነበረም ሲል ቀኑን ነፈገው፤ ጠርሙሱ አስቀድሞ ይሸጥ ስለ ነበርም ማመልከቻው ወደቀ። ያልተጠየቀ ወሰን የሚፈቀደው በመጀመሪያው ሥዕል የነበረውን ወሰን ግልጽ ሲያደርግ ነው።

እንግዲህ ወደ ጫማው እንመለስ። ሶሉ ከላይኛው ቆዳ ጋር የሚገናኝበት መስመር በሥዕሉ ካለ፥ ቆዳውን በተቈራረጠ መስመር አድርጎ ሶሉን ማስቀረት ለዳንኤልስ ጉዳይ የቀረበ ይመስለናል። ነገር ግን በሶሉ መካከል አዲስ መስመር አስምሮ የታኮውን በኩል ብቻ መጠየቅ የኦውንስን ዕጣ ያመጣል። ይህ ልዩነት ለአመልካቹ የከበደ ቢመስልም ትክክል ነው እንላለን፤ አለዚያ ተወዳዳሪው የሠራውን አይቶ መስመሩን በዚያው ልክ ማስመር ይቻል ነበርና።

የእይታውም ብዛት መታሰብ አለበት። በ2018 የማቲታ ጉዳይ የቀረበው ሶሉ ከታች በኩል የሚታይበት አንድ እይታ ብቻ ነበር። መርማሪው፥ ጥልቀቱና ጕብጠቱ አልታወቀም ብሎ ከለከለ። ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን የሶል ንድፍ እንደ ምንጣፍ በአንድ ወገን ታይቶ ሊመዘን ይችላል፥ እንደ ሻይ ማንቈርቈሪያ ወይም እንደ ሙሉ ጫማ አይደለም በማለት ክልከላውን ሻረ። እንዲህ ያለው አመልካች ፓተንቱን ቢያገኝም፥ በኋላ የጎድጓዳውን ጥልቀት ልጠይቅ ቢል ሥዕሉ የሚደግፈው አይመስለንም፤ ጥልቀቱን የሚያሳይ የጎን እይታ ወይም ጥላ ከመጀመሪያው ቢኖር ግን መልሱ ሌላ ይሆን ነበር።