ጭኑን እየተደገፈ የሚነሣው የቲም



ሁርሶ ውስጥ ቁርኣን ስናስቀራ፣ ከሱጁድ ሲነሣ ሁልጊዜ ከጓደኞቹ የሚዘገይ አንድ የሰባት ዓመት የቲም ነበር። መጀመሪያ መዳፎቹን መሬት ላይ ይተክላል፤ ከዚያም ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ጭኑን እየተደገፈ በገዛ አካሉ ላይ እንደሚወጣ ሆኖ ይቆማል። እኛም ስንፍና መስሎን ደጋግመን ገሠጽነው። ኋላ ሐኪም ሲያየው ያ አነሣሡ ራሱ የታወቀ የበሽታ ምልክት ሆኖ ተገኘ። አላህ ይማረን።

በሽታው ዱሼን ይባላል፤ ስሙ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካጠናው ፈረንሳዊ ሐኪም የተወሰደ ነው። ዲስትሮፊን የተባለው፣ የጡንቻን ሕዋስ ከጉዳት የሚጠብቀው ፕሮቲን በልጁ ሰውነት ስለማይሠራ ጡንቻው ቀስ በቀስ ይሰልላል። ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚሆኑ ወንዶች ልጆች አንዱን ያገኛል ተብሎ ይገመታል። ልጁ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፤ ደረጃ መውጣት ይከብደዋል፤ በእግሩ ጣቶች ይራመዳል። ባቱ ግን ወፍሮ ስለሚታይ ቤተሰብ «ጠንካራ ነው» እያለ ይዘናጋል። ፖሊዮ ነው የሚሉም አሉ። ፖሊዮ በቀናት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም አንዱን ወገን አብልጦ ያሰልላል፤ ይህኛው ግን ሁለቱንም ወገን ለዓመታት እያደከመ ይሄዳል።

በየቲም ቤት ከሕመሙ የሚብሰው ወቀሳው ነው። አባት ይህን በሽታ ለወንድ ልጁ አያወርስም፤ የሚተላለፈው በእናት በኩል ነው። ይህን የሰሙ የሟች ዘመዶች ባሏ የሞተባትን ሴት «ከአንቺ ወገን የመጣ ነው» ሲሏት ሰምተናል። ተሸካሚዋ እናት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ስለሆነች ነገሩን አታውቀውም። እያንዳንዱ ወንድ ልጇ የመታመም፣ እያንዳንዷ ሴት ልጇም ተሸካሚ የመሆን ዕድል ከሁለት አንድ ነው። ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ዘንድ ደግሞ እናቲቱ ተሸካሚ እንኳ አይደለችም፤ ጉድለቱ በልጁ ላይ አዲስ የተከሠተ ነው። የአጎት ልጅ ማግባት ያመጣዋል የሚባለውም ለሌሎች አንዳንድ የጡንቻ በሽታዎች እንጂ ለዱሼን አይሠራም።

ፈጽሞ የሚፈውስ መድኃኒት እስካሁን የለም። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ የፈቀደችው የዘረመል ሕክምና ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተተምኗል፤ እርሱም ፈውስ አይደለም። ስለሆነም «ገንዘብ አሰባስበን ውጭ እንላከው» ለሚሉን ወንድሞችና እህቶች መልሳችን አንድ ነው፤ ይህ ልጅ የሚሻው በየወሩ የማይቋረጥ እርዳታ ነው። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ኪኒን ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ጊዜ ያራዝማል። ነገር ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጀመሩም፣ ገንዘብ አለቀ ብሎ በድንገት ማቋረጡም አደገኛ ነው። እግሩ እንዳይኮማተር በየቀኑ በቀስታ ማሳሳብ፣ ልቡንም ማስመርመር ያስፈልጋል። በጋለ ብረት መተኮስ ሥቃይ ከመጨመር በቀር የሰለለውን አይመልስም።

ጥርጣሬ ያደረበት ቤተሰብ ልጁን ድሬዳዋ በሚገኘው ድል ጮራ ሆስፒታል ለሐኪም ያሳይ፤ የጡንቻን ጉዳት የሚያመለክተውን የደም ምርመራም ይጠይቅ።

ያ ልጅ ዛሬ ሶላቱን ተቀምጦ ይሰግዳል፤ መቆም ላቃተው ሸሪዓ ፈቅዷልና። ጁዝ ዐማን ጨርሷል። ተሽከርካሪ ወንበር ከአንድ በጎ አድራጊ ተገኝቶለታል፤ በአሸዋው ላይ የሚገፉት እነዚያው የቀደሙት ጓደኞቹ ናቸው። አሁን የጎደለው የኪኒኑና ወደ ድሬዳዋ የመመላለሻው ወርኃዊ ወጪ ነው።