ሕፃኑ ማቆያ ውስጥ ምን ሲሠራ ይውላል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ነው። ፈቃዱ ሲያልቅ ልጇ ገና አራት ወር ገደማው ነው፤ አንገቱን አጽንቷል፣ መሳቅ ጀምሯል፣ መቀመጥ ግን አይችልም። አያት ቅርብ ካልሆነች፣ ሞግዚትም ካልተገኘች የሚቀረው የሕፃናት ማቆያ ነው። ወላጅ ማቆያ ሊመርጥ ሲዞር ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው፤ የተሣለው ቀጭኔ፣ የእንግሊዝኛው ፊደል፣ ጥግ ላይ የቆመው የፕላስቲክ ሸርተቴ። የአራት ወር ልጅ ለቀጭኔው ደንታ የለውም። እሱ ቀኑን ሙሉ የሚያጠናው ሰውን ነው፤ ማን አነሳኝ? እንዴት አድርጎ ያዘኝ? ሳለቅስ ማን መጣ?

ስለዚህ የማቆያው ዋና ሥራ የሚሠራው ሁላችንም ቶሎ ተጨርሶ እንዲያልፍ የምንፈልገው ቦታ ላይ ነው፤ ዳይፐር ሲቀየር፣ ጡጦ ሲሰጥ፣ ገላ ሲታጠብ። ይህን አስተውላ ሥርዓት ያበጀችለት ኤሚ ፒክለር የምትባል ሃንጋሪያዊት የሕፃናት ሐኪም ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ቡዳፔስት ውስጥ ሎትሲ በሚባል ጎዳና ላይ አሳዳጊ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ ከፈተች። በዚያ ዘመን ንጹሕ በሆኑና ወተት በማይጎድልባቸው ማሳደጊያዎች ውስጥ እንኳ ልጆች ይፈዙ ነበር፤ አንዳንዶቹም ማልቀስ እስኪተዉ ድረስ። ፒክለር ገና ከጅምሩ ካደረገቻቸው ነገሮች አንዱ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ የሚጣደፉትን ነባር ነርሶች ማሰናበት ነበር። በምትካቸው የሙያው ሥልጠና የሌላቸውን ወጣት ሴቶች ቀጥራ ከሀ ጀምሮ አስተማረች።

ትምህርቱ ሲሰሙት ቀላል ነው። ሕፃኑን ከማንሳትሽ በፊት ፊት ለፊቱ ሁኚ፣ ምን ልታደርጊ እንደሆነ ንገሪው፣ እጆችሽን ዘርግተሽ ትንሽ ጠብቂ። የሦስት ወር ልጅ “አሁን ላነሳህ ነው” ሲሉት ምን ይገባዋል የሚል አይጠፋም። ቃሉ አይገባውም። ነገር ግን ያው ድምፅ፣ ከዚያ ያው የተዘረጋ እጅ፣ ከዚያ መነሳት፣ በየቀኑ በዚሁ ቅደም ተከተል ሲደጋገም፣ ልጁ እጁ ገና ሳይነካው ሰውነቱን ማዘጋጀት ይጀምራል። ወራት ሲያልፉ “እስቲ እጅህን” ሲባል ክንዱን ወደ እጅጌው ይልካል። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያወቀ ልጅ ይረጋጋል፤ የተረጋጋ ልጅ ደግሞ ዙሪያውን ለማየት ጊዜ አለው።

አንዲት ተንከባካቢ ብዙ ልጆች እያሏት ይህ ሁሉ እንዴት ይዳረሳል? ሎትሲ ላይ መልሱ ተራ ነበር። ልጆቹ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይመገቡ ነበር፤ ከእሱ በፊት ያለችው ልጅ ስትመገብ ያየ ሕፃን ቀጣዩ እሱ መሆኑን ይለምዳል። ተራው ሲደርስ ደግሞ ተንከባካቢዋ ሙሉ በሙሉ የእሱ ናት፤ ከባልደረባዋ ጋር አታወራም፣ ሌላ ሥራ አትደርብም። ዛሬ ቢሆን ስልኳንም አታይም ነበር።

ጨዋታው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሰው የጠገበ ልጅ ወለል ላይ በጀርባው ሲያስተኙት ብቻውን ይጫወታል። ፒክለር ለመጀመሪያ መጫወቻነት የመረጠችው መሐረብ የሚያህል የጥጥ ጨርቅ ነበር፤ መሐሉን ወደ ላይ ሾጠጥ አድርጎ አጠገቡ ማቆም፣ በቃ። ልጁ ያየዋል፣ ይደርስበታል፣ ይጨመድደዋል፣ ይጠባዋል። መቀመጥ ለቻለ ልጅ ደግሞ ኤሊኖር ጎልድሽሚድ የተባለች እንግሊዛዊት ሰፋ ባለ ቅርጫት ፕላስቲክ ያልሆኑ የቤት ዕቃዎችን ሞልታ ማቅረብን አስለምዳለች። ለዚህ ከእኛ ቤት ጓዳ የተሻለ የት ይገኛል? የእንጨት ማንኪያ፣ ሙዳይ፣ የቆርቆሮ ኩባያ፣ ትንሽ ሰፌድ። አንዱ ይቀዘቅዛል፣ አንዱ ይሻክራል፣ አንዱ ይጮኻል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ በሶፍት ጥቅል መሐል ባለው ካርቶን ቀዳዳ ሊያልፍ የሚችል ዕቃ ለሕፃን አይሰጥም፣ ያንቀዋል።

ገና መቀመጥ ያልቻለውን በትራስ ደግፎ ማስቀመጥ ፒክለር አትወድም ነበር። ምክንያቷ አሳማኝ ነው፦ ራሱ ያልደረሰበት አቀማመጥ ላይ ያለ ልጅ ከዚያ መውጣትም አይችልም፤ ኩባያው ከተንከባለለበት ሰው እስኪመጣ ማልቀስ ነው። በራሱ የተገለበጠና በራሱ የዳኸ ልጅ ግን መመለሻውንም ያውቃል። ባለጎማው መራመጃማ ከዚህም የከፋ ነው፤ ልጁን ከደረጃ ላይ ስለሚጥል ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ጭራሽ እንዳይሸጥ ከልክላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ልጅ ቴሌቪዥንም ሆነ ስልክ ማሳየትን አይመክርም፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ታስሮ መቆየት የለበትምም ይላል። ከምሳሌዎቹ መካከል ጀርባ ላይ ታዝሎ መዋል አለበት። አንቀልባን ክፉ ማለቱ አይደለም፤ መሬቱም ይድረሰው ማለቱ ነው።

ልጁ ከአንዲት ተንከባካቢ ጋር ይላመድ ሲባል “እኛ አገር ልጅ የሚያድገው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው፣ የምን አንድ ሰው?” የሚል ጥያቄ ይነሳል። ልክ ነው፣ ሕፃን ከአንድ በላይ ሰው ይወዳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤይንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 ካምፓላ አቅራቢያ ባሉ የኡጋንዳ መንደሮች ሕፃናትን በየቤታቸው እየሄደች ስታጠና ያየችውም ከእናት ሌላ ብዙ እጅ የሚያውቁ ልጆችን ነው። እነዚያው ልጆች ግን ከእናታቸው ተነስተው ለአሰሳ እየዳኹ ይሄዱና መልሰው ወደ እሷ ይመጡ ነበር። ደግሞ የአያት፣ የአክስትና የጎረቤት እጅ ትናንትም ዛሬም ነገም ያው እጅ ነው። ማቆያ ውስጥ ችግሩ የእጁ መብዛት ሳይሆን መለዋወጡ ነው፤ ሰኞ ያባበለችው ኀሙስ የለችም። እንግሊዝ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዲት ኃላፊ ተንከባካቢ እንድትመደብ በሕግ የምታስገድደው ለዚህ ነው፤ ሁለት ዓመት ላልሞላቸውም ለሦስት ልጅ አንድ አዋቂ ትጠይቃለች። እኛ አገር ያ ቁጥር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። አንዲት ሴት የአምስት ልጆች ኃላፊ ብትሆን እንኳ፣ አምስት ሴቶች ያለ ምደባ ሃያ አምስቱን እየተሯሯጡ ከሚያነሱ ይሻላል እላለሁ፤ የሰው ብዛቱ ያው ነው፣ ልጁ ግን የራሱ ሰው ይኖረዋል።

አሁን ወደ ማቆያው የመጀመሪያ ሳምንት እንምጣ። ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ባለው ጊዜ ሰው መምረጥ፣ እንግዳን መፍራትና ከእናቱ ሲለይ ማልቀስ ይጀምራል። ብዙ እናቶች “እንዳያለቅስ” ብለው ልጁ ዞር ሲል ተደብቀው ይወጣሉ። ይህ ለጊዜው እናትን ያሳርፋል እንጂ ልጁን አያሳርፍም፤ እናቱ ሳትታሰብ እንደምትጠፋ ካወቀ ቀጥሎ ዓይኑን ከእሷ ለመንቀል ይፈራል፤ ጨዋታው ቀረ ማለት ነው። ተሰናብቶ መሄድ ለቅሶ ቢያመጣም ይሻላል። በርሊን ውስጥ የተዘጋጀው የማላመጃ አሠራር ዝርዝር ነው፦ መጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እናት ወይም አባት ከልጁ ጋር ለጥቂት ጊዜ መጥተው ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ መለያየት የለም። በአራተኛው ቀን ተሰናብተው ለአጭር ጊዜ ይወጣሉ፤ ተንከባካቢዋ ልታባብለው ካልቻለች ወዲያው ይመለሳሉ። አራተኛው ቀን ሰኞ ከዋለ እንኳ መለያየቱ ለማግሰኞ ይተላለፋል፤ ሁለት ቀን ቤቱ የሰነበተ ልጅ ሰኞ ዕለት እንደ አዲስ ነውና።

ሌላም እናቶችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ልጁ ደህና ውሎ፣ ገና እናቱን በሩ ላይ ሲያይ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። “ምን አድርገውት ነው?” ያሰኛል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አላደረጉትም፤ ቀኑን ሙሉ ይዞት የዋለውን ድካምና ናፍቆት የሚያራግፍበት ሰው መጣለት። ማቀፍና ትንሽ ዝም ማለት ይበቃል። መጠርጠር ያለበት ሌላ ምልክት ነው፤ ከሳምንታት በኋላም ከተንከባካቢዋ እጅ የሚሸሽ፣ ማንም ቢያነሳው ግድ የማይሰጠው፣ መጫወት የተወ ልጅ።

ማቆያ ልትጎበኙ ስትሄዱ ኃላፊዋ ስለ ምግቡና ስለ ካሜራው ትነግራችኋለች፤ ጥሩ ነው፣ ስሙ። ከዚያ ዳይፐር ሲቀየር ለማየት ጠይቁ። ልጄን የምትይዘው ማን ናት፣ እሷ የቀረች ቀን የምትተካትንስ ልጄ ያውቃታል ወይ በሉ። የሚቀጥለውን ግን ኃላፊዋን ሳይሆን ወለሉ ላይ ከልጆቹ ጋር የተቀመጠችውን ሴት ጠይቋት፦ “እህቴ፣ እዚህ ከገባሽ ስንት ጊዜሽ ነው?” መልሷ “ሁለት ሳምንቴ” ከሆነ፣ ከእሷ በፊት የነበረችው ለምን እንደለቀቀችና ደመወዙ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም።