የፍራፍሬ ዝንብን በወንዴው መለየት

መርካቶ ደርሶ ሲቆረጥ ትል የተገኘበት ማንጎ ኪሳራው የነጋዴው ብቻ አይደለም፤ ወደ አምራቹም ይመለሳል። የየትኛው ዝንብ ትል እንደሆነ ግን በዓይን አይቶ መለየት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በኬንያ የተገኘው የእስያ ፍራፍሬ ዝንብ ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጵያ ገብቷል። ክንፉ ጥርት ያለ ሲሆን፣ ጀርባው ላይ ሁለት ቢጫ መስመሮች አሉት። የሜዲትራኒያን ፍራፍሬ ዝንብና የቅርብ ዘመዶቹ ግን ክንፋቸው ዥጉርጉር ነው። እነዚህን እርስ በርስ ለመለየት ወንዴውን ማየት ያስፈልጋል። የሜዲትራኒያኑ ወንዴ በዓይኖቹ መካከል ጫፋቸው የሰፋ ሁለት ፀጉሮች አሉት። ከዘመዶቹ የአንዳንዶቹ ወንዴዎች ደግሞ በመካከለኛ እግራቸው ላይ ላባ መሰል ፀጉር ይታያል።

ልዩነቱ ለወጥመድ ወሳኝ ነው። ሜቲል ዩጂኖል የእስያውን ወንዴዎች ይስባል፤ ለሜዲትራኒያኑ የሚያገለግለው ትራይሜድሉር ነው። ማማለያው ከተሳሳተ ወጥመዱ ባዶ ይሆናል፤ «ዝንብ የለም» የሚል የተሳሳተ ሪፖርትም ወረዳው ይደርሳል።

ስለዚህ ትል ያለበትን ፍሬ አሸዋ በያዘ ባልዲ ማስቀመጥና በስስ ጨርቅ መሸፈን ይገባል። የሚወጡት ዝንቦች ቀለማቸው እስኪጸና ስኳርና ውኃ እየተሰጣቸው ጥቂት ቀናት ይቆዩ፤ ከዚያም በአልኮል ተይዘው ለዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ይድረሱ። ከዛፍ ሥር የወደቀ ፍሬ ግን ውጤት ሳይጠበቅ ተለቅሞ በጥልቀት ይቀበር።