ሮምን በእግሬ

ሮም ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስወርድ አውቶቡስ አልያዝኩም። ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ከተማን በመስኮት አይቶ ማወቅ አይቻልም ብዬ በእግሬ ጀመርኩ። ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ «ቺንኴቸንቶ» ይባላል፤ አምስት መቶ ማለት ነው። እነማን ናቸው ብትሉ፣ በ1887 (እ.ኤ.አ.) ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች! አለፍ ብሎ መታሰቢያቸው አለ፤ ላዩ ላይ የቆመው ድንጋይ ራሱ ከግብፅ የመጣ ነው። ሻንጣውን የሚጎትተው መንገደኛ ቀና ብሎ እንኳ አያየውም። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኮሎሲየም በኩል ወረድኩ። ስለ ኮሎሲየም ብዙ ተጽፏል፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ በቃ። ውሃ ግን አትግዙ፤ መንገድ ዳር ከቧንቧ የሚፈሰው ይጠጣል፣ ነፃም ነው።

ልቤ የነበረው ፖርታ ካፔና ነው። በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልታችን የቆመው እዚያ ነበር፣ ዛሬ ፋኦ ያለበት ሕንፃ ፊት ለፊት። ጣሊያን የወሰደችውን ልትመልስ በ1947 ፈርማ ሐውልቱ አገሩ የገባው በ2005 ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት!

ቦታውን ስፈልግ አንድ ጣሊያናዊ አዛውንት አዩኝ። በተሰባበረ ቋንቋ «የኛ ሐውልት የት ነበር?» አልኳቸው። በከዘራቸው ባዶውን ቦታ አሳዩኝና «በወጣትነታችን ቀጠሮ የምንይዘው እሱ ሥር ነበር» አሉ፤ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። ባዶውን ቦታ ፎቶ አንስቼ ለአጎቴ ላክሁለት።

«ምኑን ነው ያነሳኸው? ምንም የለም እኮ» ብሎ መለሰልኝ።