ታንኳን ከመጎተት ጋሪ መሥራት ይሻላል

የጣና ውኃ በመስከረምና በጥቅምት እንደሚሞላ፣ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ እንደሚጎድል ለዳርቻው ነዋሪ የሚነገር አይደለም። በተለይ በፎገራና በደንቢያ በኩል መሬቱ ደልዳላ በመሆኑ የውኃው ከፍታ ጥቂት ሲቀንስ ዳርቻው ብዙ ርቀት ይሸሻል። በሙላቱ ጊዜ መንደር አጠገብ ታስሮ የነበረ ታንኳ በበጋው መጨረሻ ከውኃው የሚለየው ሰፊ የጭቃ ሜዳ ነው። ያን ጊዜ አራት አምስት ሰው ታንኳውን በገመድ አስሮ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ እየገባ ሲጎትት ይታያል።

ጉድለቱ የሚጠበቅ ነገር መሆኑን የማኅበር መሪዎች በእቅዳቸው ሊይዙት ይገባል። በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሰው እጅም የሚወሰን ሆኗል። በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ሐይቁ እጅግ ወርዶ መርከቦች ለአራት ወራት ያህል ሥራ አቁመዋል፤ ብዙ የደንገል ቦታም ደርቆ ጠፍቷል። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ከሐይቁ ውኃ የሚወስድ ሁለተኛ በር ተከፈተ።

መጎተት ታንኳን የሚጎዳው እንዴት ነው? ታንኳ በጥብቅ የታሰረ የደንገል እስር ነው። መሬት ለመሬት ሲሄድ በመጀመሪያ የሚበጠሰው ማሰሪያው ነው፤ ቀጥሎ የውጭው ደንገል ይላጣል። ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ ስለሚጨምር ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ማውጣቱ የከበደው ሰው ግን እዚያው ውኃው ላይ አስሮት ያድራል፤ ታንኳውም ያለ ጊዜው ይበሰብሳል። ደንገሉ እንደ ልብ በሚገኝበት ዘመን ሌላ መሥራት ቀላል ነበር፤ አሁን ግን ለአንድ ታንኳ የሚበቃ ደንገል ለማግኘት ሩቅ መሄድ ግድ የሆነበት አካባቢ አለ። (ደንገል ተራ ሣር አይደለም። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለማቋረጥ በግብፅ ያሠራት «ራ» የተባለች ጀልባ ደንገሏ የሄደው ከጣና ነበር።) የሳንቃ ጀልባም ቢሆን ሲጎተት ወለሉ ይፋቃል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል።

በሌሎች አገሮች በሸራ የሚሄዱ ትንንሽ ጀልባዎችን አንድ ሰው ባለ ሁለት ጎማ ዝቅተኛ ጋሪ ላይ አድርጎ ብቻውን ወደ ውኃ ያወርዳቸዋል። ይኸው ጋሪ ለታንኳም ይሆናል፤ ባሕር ዳር ውስጥ ብየዳ የሚሠራ ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

ዋናው ነገር ጎማው ነው። የብስክሌት ጎማ ቀጭን ስለሆነ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። የባጃጅ ወይም ያገለገለ የመኪና ጎማ ይመረጣል፤ በጭቃ ላይ ነፋሱን ቀነስ ማድረግ፣ በኮረኮንች መንገድ ላይ ደግሞ መሙላት ነው። ታንኳው የሚያርፍበት አግዳሚ ከባሕር ዛፍ ወይም ከቱቦላሬ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ባዶ ብረት ደንገሉን ይቆርጣል፤ አሮጌ ካላማዳሪያ ወይም ጭድ የተሞላ ጆንያ ይጠቅለልበት። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ከታንኳው ወርድ እምብዛም ማነስ የለበትም፤ ጠባብ ከሆነ በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይገለበጣል።

የጎማው ዘንግ የት ይዋል የሚለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጉዳይ ነው። ታንኳው መካከል ላይ በልኬት አይደረግም፤ አንደኛው ጫፍ ከሌላው ሊከብድ ይችላልና። ባዶውን ታንኳ በአንድ ድብልብል ግንድ ላይ አስቀምጦ ሁለቱ ጫፎች እስኪመዛዘኑ ድረስ ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት፣ ቦታውንም ምልክት ማድረግ ይገባል። ዘንጉ ከምልክቱ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ማለት ከሚጎትተው ሰው ራቅ ብሎ ይዋል። ታንኳው 100 ኪሎ ቢመዝን በሚጎትተው ሰው እጅ ላይ 10 ኪሎ ያህል ቢያርፍ በቂ ነው። ከዚያ ከበለጠ ወገብ ይጎዳል፤ ምንም ካላረፈ ደግሞ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል። መረብና ዓሣ ሚዛኑን ስለሚያፋልሱ አስቀድመው ይውረዱ።

ጋሪው ውኃ ውስጥ ገብቶ ታንኳው በላዩ እንዲንሳፈፍ ሲደረግ በነፋስ የተሞላው ጎማ ራሱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። አንድ ሰው በእግሩ ረግጦ ይያዘው ወይም ድንጋይ ይታሰርበት። ቁልቁለት ላይ ሰዎች ከኋላ ሆነው በገመድ ይያዙት እንጂ ማንም ከፊቱ አይቁም። ኩሽኔታው ውኃ በነካው ቁጥር ግራሶ ካልተቀባ በአንድ ክረምት ዝጎ ይቀራል።

ለጋሪ ገንዘብ ያልደረሰው ማኅበር ሦስት አራት ድብልብል ባሕር ዛፍ ከታንኳው ሥር እያሽከረከረ፣ ከኋላ የቀረውን ወደ ፊት እያመጣ ሊሄድ ይችላል። በደረቅ መሬት ይሠራል፤ በጭቃ ላይ ግን እምብዛም ነው። ሞተር ያላቸው ትልልቅ ጀልባዎች ከዚህ ጋሪ አቅም በላይ ናቸው።

እምቦጭ በጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ሌላ ጥንቃቄ ተጨምሯል። አረሙ ከቁራጭ ግንዱ ይበቅላል፤ ፍሬውም ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ጎማ ላይ የተለጠፈ የምሥራቅ ዳርቻ ጭቃ ወደ ዘጌ በኩል አረሙን ሊያደርስ ስለሚችል፣ ጋሪውም ታንኳውም ወደ ሌላ ዳርቻ ከመሻገራቸው በፊት እዚያው በወጡበት ቦታ ታጥበው ይድረቁ።

አንድ ጋሪ ጠዋትና ማታ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚያገለግል ለብዙ ታንኳ ይበቃል። የሚያስቸግረው የጋራ መሆኑ ነው። ይህ ጸሐፊ ባየው አንድ መንደር ለታንኳ የተሠራ ጋሪ ድንጋይና ማዳበሪያ ሲጫንበት ከርሞ ዘንጉ ጎብጦ፣ ታንኳዎቹ እንደገና በገመድ ይጎተቱ ነበር። ስለዚህ ጋሪው ከመሠራቱ በፊት የሚረከበው ሰው፣ ግራሶ የሚገዛበት መዋጮና የሚያድርበት ጥላ በማኅበሩ ስብሰባ ተወስነው በቃለ ጉባኤ ይያዙ። ስብሰባው ከጥር ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ብየዳውና ሙከራው ውኃው ከመሸሹ በፊት ያልቃል።