መሰኪያው ስለገባ ቮልቴጁ አይቀየርም

«አዳፕተር ካለህ የአሜሪካ ዕቃ እዚህም ይሠራል» የሚለው ምክር ስንቱን ካስክና ካውያ አቃጥሏል! እምነቱ መነሻ የለውም አይባልም። ከዱባይ የመጣ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ በአዳፕተር ሲሰካ ያለ ችግር ይሠራል፤ የዚያው ኃይል 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከእኛ 220 ጋር ይቀራረባል። የእስራኤልና የአውሮፓውም እንደዚሁ ነው። ከአሜሪካ የመጣው የስልክ ቻርጀርም ይሠራል። ይህን ያየ ሰው ጉዳዩን የፈታው አዳፕተሩ ይመስለዋል። ተራ አዳፕተር ግን የመሰኪያውን እግር ከሶኬቱ ቀዳዳ ጋር ከማገጣጠም ያለፈ ሥራ የለውም፤ 220ው እንዳለ ያልፋል። ቻርጀሩን ያዳነው የራሱ አሠራር ነው፤ ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ይላል። የካስኩ እጀታ ላይ ግን ያለው «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ሂሳቡ ይኸውና። በ120 ቮልት 1,200 ዋት የሚወስድ ካስክ 10 አምፔር ይስባል፤ የሽቦው መቋቋሚያም 12 ኦም ነው ማለት ነው። ይኸው ሽቦ 220 ሲደርሰው ከ18 አምፔር በላይ ይስብና ኃይሉ ከ4,000 ዋት ያልፋል። ቮልቴጁ በእጥፍ እንኳ ሳይጨምር ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። «ለአንድ ደቂቃ ብቻ ብሰካውስ?» ለሚል ሰው፣ ሽቦው ለመጋል ደቂቃ አይጠብቅም። ፕላስቲኩ ሊቀልጥ፣ በቤትም እሳት ሊነሳ ይችላል። ይህን እያወቁ አዳፕተሩን «መቀየሪያ» ብለው የሚሸጡ ሰዎች በሰው ሕይወት እየነገዱ ነው።

ትክክለኛው መፍትሔ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው፤ አቅሙም ዕቃው ከሚፈልገው ዋት ከፍ ያለ መሆን አለበት። እሱም ቢሆን ኸርዙን አይቀይርም። ስለዚህ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ሞተር ያለው ዕቃ፣ ቮልቴጁ ቢስተካከልለትም፣ ቀስ ብሎ ሊዞርና ከልክ በላይ ሊሞቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከማጓጓዝ እዚሁ መግዛት ይሻላል።

«የአሜሪካ 120 ቮልት ሰው አይገድልም» የሚባለውም ሐሰት ነው፤ ይገድላል። በአሃድ መሳሳትም አለ። በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የሚያልፈው የ15 ኪሎቮልት መስመር፣ ቁጥሩ አንሶ ስለታየ ከቤቱ 220 ቮልት ያነሰ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አንድ ኪሎቮልት 1,000 ቮልት ነው፤ ስለዚህ መስመሩ 15,000 ቮልት፣ ማለትም የቤቱን ቮልቴጅ 68 ጊዜ ያህል ይይዛል። ሚሊቮልት ደግሞ የአንድ ቮልት ሺኛ ነው። የመለኪያውን ቁጥር ብቻ አይቶ አሃዱን የዘለለ ሠራተኛ 220 ሚሊቮልት አነበብኩ ብሎ በ220 ቮልት ላይ እጁን ሊያሳርፍ ይችላል።